ዕጢዎች ከሰውነት መከላከያ የሚያመልጡባቸው መንገዶችና ለሕክምናው ያላቸው ትርጉም

በ2003 ከስኮትላንድ አንድ ያልተለመደ የሕክምና ዘገባ ወጥቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአንድ ሟች ለጋሽ የተወሰዱ ሁለት ኩላሊቶች ለሁለት ሕሙማን ተተከሉ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱም ተቀባዮች ሜላኖማ በተሰኘው የካንሰር ዓይነት ተያዙ፤ የበሽታው ምንጭም የተተከለላቸው ኩላሊት ሆኖ ተገኘ። የለጋሹ የቀድሞ መዝገብ ሲመረመር ከ16 ዓመት በፊት ሜላኖማ ወጥቶለት በቀዶ ሕክምና የተወገደለትና ከዚያ ወዲህ ከበሽታው ነጻ እንደሆነ ይታመን የነበረ ሰው መሆኑ ታወቀ።

እነዚያ የካንሰር ሕዋሳት በ16ቱ ዓመታት ውስጥ የት ነበሩ? በለጋሹ አካል ውስጥ በሕይወት ነበሩ፤ ነገር ግን እንዳይራቡ የለጋሹ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ይዟቸው ነበር። ተቀባዮቹ ደግሞ የተተከለው ኩላሊት እንዳይወገድ ሲባል መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዱ ስለነበር ለዓመታት ታግቶ የኖረው ዕጢ በአዲሱ ቤቱ የሚይዘው አጣ። ዘገባው ለንቅለ ተከላ ባለሙያዎች ማስጠንቀቂያ ነበር። ለካንሰር ሕክምና ያለው ትርጉም ግን ከዚያም ይሰፋል። መከላከያው ዕጢን ሊያግት የሚችል ከሆነ በየዕለቱ በሕክምና ተቋማት የሚታየው ካንሰር ከዚህ እገታ ያመለጠ መሆን አለበት ማለት ነው።

የሐሳቡ ውጣ ውረድ

መከላከያው ካንሰርን ይዋጋል የሚለው ግምት አዲስ አይደለም። የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ኮሊ በ1891 የማይድን ዕጢ ለነበረበት ሕመምተኛ ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ በመርፌ መስጠት የጀመረው አጣዳፊ የቆዳ ኢንፌክሽን ይዟቸው ዕጢያቸው የከሰመላቸው ሰዎች መኖራቸውን በማስተዋሉ ነበር። ፖል ኤርሊክ በ1909 መከላከያው ባይኖር ኖሮ ካንሰር እጅግ በበዛ ነበር ሲል ገመተ። በ1950ዎቹ ማክፋርሌን በርኔትና ሉዊስ ቶማስ ይህን አስተያየት «የመከላከያ ቅኝት» በሚል መልክ አጠናከሩት።

ይሁን እንጂ በ1974 ኦሲያስ ስቱትማን ታይመስ የሌላቸውን አይጦች ካንሰር አምጪ ለሆነ ኬሚካል ሲያጋልጣቸው ከጤነኞቹ የበለጠ ዕጢ ሳያወጡ ቀሩ። ቲ-ሕዋስ የሌለው እንስሳ ይበልጥ ካልታመመ ቅኝቱ የለም ተብሎ ሐሳቡ ለሃያ ዓመታት ያህል ተዘነጋ። ስሕተቱ የተገለጠው ዘግይቶ ነው። እነዚያ አይጦች ጥቂት ቲ-ሕዋሳትና በርካታ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ነበሯቸው። በአንድ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ አንድን የምርምር መስክ መዝጋት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ጉዳዩን መልሶ የከፈተው በ2001 የሮበርት ሽራይበር ቡድን ያወጣው ውጤት ነው። ቡድኑ ሊምፎሳይት ፈጽሞ የሌላቸውን አይጦች ሲመረምር እውነትም ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ዕጢ አወጡ። ይበልጥ የሚደንቀው ግን ቀጥሎ የታየው ነው። መከላከያ ከሌላቸው አይጦች የተወሰዱት ዕጢዎች ወደ ጤነኛ አይጦች ሲዛወሩ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ተወገዱ፤ ከጤነኛ አይጦች የተወሰዱት ግን ሁሉም አደጉ። መከላከያ ባለበት አካል ውስጥ ያደገ ዕጢ ለመከላከያ የማይታዩትን ወይም የማይበገሩትን ሕዋሳት እየመረጠ የተሠራ ዕጢ ነው። መከላከያው በቀላሉ የሚታወቁትን ይገድላል፤ የተረፉት ይራባሉ። ይህ ሂደት በሦስት ምዕራፍ ይገለጻል፤ እነርሱም ማጥፋት፣ ሚዛን እና ማምለጥ ናቸው። የስኮትላንዱ ለጋሽ በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ይህ ትምህርት ከቤተ ሙከራ አይጥ ይልቅ በኤች.አይ.ቪ. ክሊኒክ ይበልጥ ይታወቃል። የካፖሲ ሳርኮማ መንስኤ የሆነው ሂውማን ሄርፐስ ቫይረስ 8 መከላከያቸው ባልተጎዳ ሰዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያደርስ ይኖራል። የሲዲ4 ቁጥር ሲያሽቆለቁል ዕጢው ብቅ ይላል፤ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲጀመር ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለው ካፖሲ ያለ ኬሞቴራፒ ሊከስም ይችላል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ዕጢው የሚባባስበት አጋጣሚም አለ። ይህ መከላከያው ሲያገግም የሚከሰት ቁጣ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ወዲያው እንዳይቋረጥ ጥንቃቄ ያሻል።

የማኅፀን በር ካንሰርም የማምለጥ ታሪክ ነው። የሰው ፓፒሎማ ቫይረስ ከኤፒተልየም አልፎ ወደ ደም አይገባም፤ የሚኖርባቸውንም ሕዋሳት አያፈርስም፤ ስለዚህ የብግነት ምልክት ሳይሰጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው በሚገኝ ሴቶች ዘንድ ቫይረሱን ማስወገድ አዳጋች ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ለእነርሱ ምርመራው ከ25 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመት እንዲደረግ ይመክራል። ኢትዮጵያ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው ክትባት የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ነው። አንዴ ከተደበቀ በኋላ ክትባቱ አያገኘውም።

የማምለጫው መንገዶች

ገዳይ ቲ-ሕዋስ ሌላውን ሕዋስ ዘልቆ አያይም። የሚያየው ያ ሕዋስ በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቆርሶ ኤች.ኤል.ኤ. ክፍል አንድ በተባሉ ሞለኪውሎች ላይ አስቀምጦ በገጹ የሚያሳየውን ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማምለጫ ይህን ማሳያ ማጥፋት ነው። ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተሰኘው ደጋፊ ፕሮቲን ዘረ-መሉ ቢበላሽ ማሳያዎቹ ሁሉ ከገጹ ይጠፋሉ። በዚያን ጊዜ ግን ሌላ ዘብ ይነቃል። ክላስ ሸሬ በ1986 እንዳሳየው ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የሚያጠቁት ይህ ማሳያ የጎደለውን ሕዋስ ነው። ዕጢው በሁለት ጠባቂዎች መካከል ይገባል። ከዚህ የሚወጣበት አንዱ ዘዴ ማሳያዎቹን በሙሉ ሳይሆን የሚያጋልጠውን ቅጂ ብቻ መጣል ነው። በ2017 የታተመ ጥናት ትንንሽ ሕዋስ ያልሆኑ ከሚባሉት የሳንባ ካንሰሮች 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከአባት ወይም ከእናት የተወረሰው የኤች.ኤል.ኤ. ቅጂ ጠፍቶ አግኝቷል።

ሁለተኛው መንገድ ወታደሩን ከደጅ ማቆም ነው። በአንዳንድ ዕጢዎች ናሙና ላይ ሊምፎሳይቶች በዙሪያው ተኮልኩለው ይታያሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም፤ የጣፊያ ካንሰር ከሚባለው የፓንክርያስ ካንሰር ጋር የሚያያዘው ጥቅጥቅ ያለ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ አንዱ እንቅፋት ነው። ሦስተኛው መንገድ የመከላከያውን ሥርዓት ራሱን መመልመል ነው። ሰውነት የገዛ አካሉን እንዳያጠቃ የሚጠብቁ ተቆጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት አሉት። እነዚህን ሕዋሳትና ፎክስፒ3 የተባለውን መሪ ዘረ-መል ያገኙት ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል የ2025 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዕጢው እነዚህን ሰላም አስከባሪዎች ወደ ራሱ ይስባል፤ ማክሮፋጆችንም ከመግደል ይልቅ ቁስል ወደ መጠገን ሥራ ያዞራቸዋል።

ለሕክምናው እስካሁን ትልቁን በር የከፈተው ግን አራተኛው ነው። ቲ-ሕዋስ ሲነቃ በገጹ ላይ ፍሬን ያበቅላል። አንዱ ፍሬን ሲቲኤልኤ-4 ሲሆን በሊምፍ ኖድ ውስጥ፣ ገና ቲ-ሕዋሱ ሲነቃ ይሠራል። ሌላው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ በ1992 ያገኙት ፒዲ-1 ሲሆን ይበልጥ የሚሠራው በውጊያው ቦታ ነው። ፒዲ-1ን የሚረግጠው እግር ፒዲ-ኤል1 ይባላል፤ ይህንንም ብዙ ዕጢዎች በገጻቸው ላይ ያወጡታል። ምን እንደሚያስወጣቸው መመልከት ያስፈልጋል። ቲ-ሕዋሱ ዕጢውን ሲያጠቃ ኢንተርፌሮን ጋማ ይረጫል፤ ኢንተርፌሮኑም ዕጢው ፒዲ-ኤል1 እንዲያበቅል ያደርገዋል። ስለዚህ በናሙና ላይ ፒዲ-ኤል1 መገኘቱ ሁልጊዜ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ ውጊያ እንደነበረና በፍሬን እንደቆመ የሚያሳይ ምልክት ነው።

ፍሬኑን ማንሣት

ጄምስ አሊሰን በ1996 ሲቲኤልኤ-4ን በፀረ እንግዳ አካል በመሸፈን የአይጦችን ዕጢ ማክሰም ቻለ። ነገሩ እስከዚያ ከተለመደው የካንሰር ሕክምና ይለያል፤ መድኃኒቱ ዕጢውን አይነካም፤ የሚይዘው ቲ-ሕዋሱን ነው። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፒዲ-1ን የሚሸፍኑት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። አሊሰንና ሆንጆ በ2018 ኖቤልን ተካፍለዋል።

ውጤቱን በመካከለኛ የዕድሜ ጭማሪ ብቻ የሚመዝን ሰው ይሳሳታል። በ2010 በወጣው የኢፒሊሙማብ ጥናት የተሠራጨ ሜላኖማ ያለባቸው ሕሙማን መካከለኛ ዕድሜ ከ6.4 ወር ወደ 10.1 ወር ከፍ አለ፤ ይህ በራሱ ብዙ የሚያስደንቅ አይመስልም። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት፣ ከአምስት አንድ ያህሉ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ጥቂቶች ሆኑ፤ የሞት መስመሩ ጠፍጣፋ ሆነ። ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ በአንድነት ከተሰጧቸው መካከል ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ 43 በመቶው በሕይወት እንደነበሩ በ2024 ተዘግቧል። ከእነዚህ መድኃኒቶች በፊት ይኸው በሽታ አብዛኛውን ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ይገድል ነበር። ኬሞቴራፒ ሲቋረጥ ውጤቱ ያበቃል፤ የነቃ ቲ-ሕዋስ ግን ያስታውሳል።

ይህ ሁሉ ታዲያ ለምን ለጥቂቶች ብቻ ሆነ? መልሱ ማምለጫው አንድ አለመሆኑ ነው። ፍሬን ማንሣት የሚጠቅመው በዕጢው ውስጥ የቆመ ቲ-ሕዋስ ላለው ሰው ነው። በፀሐይ ጨረር ወይም በትንባሆ ዘረ-መላቸው ብዙ የተበላሸባቸው ሜላኖማና የሳንባ ካንሰር ለመከላከያው ባዕድ የሚመስሉ ብዙ ፕሮቲኖችን ስለሚሠሩ ቲ-ሕዋስ ይስባሉ። የፓንክርያስ ካንሰርና አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ግን ለእነዚህ መድኃኒቶች እምብዛም አይመልሱም፤ እግሩን ከፍሬን የሚያነሣ ሹፌር በመኪናው ውስጥ የለምና።

ይህን ልዩነት በጉልህ ያሳየው የዲኤንኤ ቅጂ ስሕተትን የሚያርሙ ፕሮቲኖች የጎደሏቸው ዕጢዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ዕጢዎች በሺህ የሚቆጠር የዘረ-መል ለውጥ ያከማቻሉ። ፔምብሮሊዙማብ በ2017 የበቀሉበት አካል ሳይለይ ለእነዚህ ዕጢዎች ተፈቀደ፤ በአሜሪካ አንድ የካንሰር መድኃኒት በአካል ክፍል ሳይሆን በዘረ-መል ባሕርይ ሲፈቀድ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 በወጣ ጥናት ደግሞ ይህ ጉድለት ያለበት የሬክተም ካንሰር ያለባቸውና ዶስታርሊማብ ብቻ ተሰጥቷቸው ሕክምናውን የጨረሱት 12 ሕሙማን ሁሉም ዕጢያቸው ከእይታ ጠፋ፤ በክትትሉ ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም አላስፈለጋቸውም። የጉድለቱ ምርመራ በተራ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ በፀረ እንግዳ አካል ቀለም ሊሠራ የሚችል ነው። መድኃኒቱ በማይገኝበት ቦታም ቢሆን ውጤቱ በዘር የሚተላለፈውን የሊንች ሕመም ስለሚጠቁም ለቤተሰቡ ጥቅም አለው።

ዕጢው ከሕክምናውም ያመልጣል። በ2016 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ፔምብሮሊዙማብ ረድቷቸው ከቆየ በኋላ ያገረሸባቸውን አራት የሜላኖማ ሕሙማን ዕጢ ከመጀመሪያው ናሙና ጋር አነጻጸረ። በሁለቱ ላይ ለኢንተርፌሮን ምላሽ የሚያስፈልጉት ጃክ1 እና ጃክ2 ዘረ-መሎች፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን ተበላሽቶ ተገኘ። በሽራይበር አይጦች የታየው ምርጫ በመድኃኒት ግፊት በሰው ላይ ተደገመ ማለት ነው። ሲዲ19ን እንዲያድኑ በላቦራቶሪ በተቀየሩ ቲ-ሕዋሳት የታከሙ የደም ካንሰር ሕሙማን ላይም እንዲሁ፣ ሲዲ19ን የጣሉ ሕዋሳት ይዘው የሚያገረሽባቸው አሉ።

አንድን ማምለጫ ማወቅ ብቻውንም መድኃኒት አያስገኝም። ብዙ ዕጢዎች አይዲኦ በተባለ ኢንዛይም ለቲ-ሕዋስ የሚያስፈልገውን ትሪፕቶፋን እንደሚያሟጥጡ ታውቆ ይህን የሚያግደው ኤፓካዶስታት ተሠራ፤ በመጀመሪያዎቹ ጥናቶችም ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2018 በትልቅ ጥናት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ሲሰጥ ግን ምንም የተለየ ጥቅም አላሳየም።

የተፈታ መከላከያ የሚያደርሰው ጉዳት

ፍሬን የተፈጠረው ለዕጢ አይደለም፤ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ ነው። ስለዚህ ሲነሣ የሚመጣው ጉዳት ከኬሞቴራፒ ጉዳት ጋር አይመሳሰልም። የነጭ ደም ሕዋስ ማነስ ወይም የፀጉር መርገፍ ሳይሆን የአንጀት፣ የጉበት፣ የሳንባ፣ የቆዳ፣ የታይሮይድ፣ የፒቱታሪና የአድሬናል ብግነት ነው። አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ ይቃጠላል፤ ይህ ብርቅ ቢሆንም ገዳይነቱ ከፍተኛ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት በተሰጡበት ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

እነዚህ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ አቅም በላይ ነው። ሆኖም በውጭ አገር ታክሞ የተመለሰ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ ሰው ሕክምናውን በወሰደ በሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከወራት በኋላ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ተቅማጥ ይዞት ሊመጣ ይችላል። በአገራችን ተቅማጥ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው አሜባና ባክቴሪያ ነው፤ ሕመምተኛው ሜትሮኒዳዞል ተሰጥቶት ቢሸኝና ምክንያቱ የአንጀት ብግነት ቢሆን አንጀቱ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። የሰገራ ምርመራው መቅረት የለበትም፤ ነገር ግን «ለካንሰር በደም ሥር የተሰጠዎት መድኃኒት ምን ይባላል? መቼ ነበር የመጨረሻው?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራው መቅደም አለበት። አዲስ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የሳንባ ብግነት፣ ብርቱ ድካምና የደም ግፊት መውረድ የአድሬናል መዳከም፣ ድንገተኛ ጥማትና የሽንት መብዛት ደግሞ አጣዳፊ የስኳር በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጉዳቱ ከባድ ሲሆን መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ፕሬድኒሶሎን ወይም ተመጣጣኙ በኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ከዚያም ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በችኮላ የተቀነሰ ስቴሮይድ ብግነቱን መልሶ ያስነሣል። ስቴሮይድ የካንሰሩን ሕክምና ያበላሻል በሚል ፍርሃት ማዘግየት ተገቢ አይደለም። የሆርሞን አመንጪ አካላት ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለስ ምትክ ሆርሞን ዕድሜ ልክ ያስፈልጋል፤ የታይሮይድና የአድሬናል መዳከም አብረው ከተገኙም ሃይድሮኮርቲሶን ከታይሮክሲን ይቀድማል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ለስቴሮይድ ያልመለሰ የአንጀት ብግነት በኢንፍሊክሲማብ ይታከማል፤ የጉበት ብግነት ሲሆን ይህ መድኃኒት አይሰጥም።

በዚህ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ጉዳይ አለ። ኢንፍሊክሲማብም ሆነ ረዘም ያለ ስቴሮይድ የተኛውን ነቀርሳ ሊቀሰቅስ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ፒዲ-1ን የሚሸፍኑ መድኃኒቶች ራሳቸው ነቀርሳ የቀሰቀሱባቸው ሕሙማንም ተዘግበዋል። የኋለኛው ነገር መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ መከላከያን ማጠናከር እንዴት ነቀርሳን ያነሣል? የፒዲ-1 ፍሬን በነቀርሳ ቁስል ውስጥም ይሠራል፤ ልቅ የሆነ የቲ-ሕዋስ ቁጣ ባሲሉን ለብቻው ይዞ ያኖረውን ግድግዳ እንደሚያፈርስ የእንስሳት ሙከራዎች ይጠቁማሉ። በደሙ ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሕመምተኛ ቫይረሱ በመድኃኒት ከተያዘ ከዚህ ሕክምና ሊገለል አይገባም፤ ነገር ግን ነቀርሳ በሰፊው በሚገኝበት አገር የሚኖር ማንኛውም ሕመምተኛ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሳል፣ የትኩሳት፣ የላብና የክብደት መቀነስ ጥያቄ ሊጠየቅና የደረት ራጅ ሊነሣ ይገባዋል። በሕክምናው መካከል በሳንባ ላይ አዲስ ጥላ ሲታይም ካንሰሩ ተስፋፋ ከመባሉ በፊት አክታው ይመረመራል።